የግብርና ተማሪ በአርሶ አደር ቤት፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ የሚደረግ የተግባር ልምምድ ከዕቅድ እስከ ርክክብ

በግብርና ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው የተግባር ልምምድ ብዙ ጊዜ ተጀምሮ የሚያልቀው በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ ነው። ተማሪው ደብዳቤውን ያስገባል፣ የጽሕፈት ቤቱን ሪፖርት በኮምፒዩተር ይጽፋል፣ አልፎ አልፎ ከባለሙያ ጋር በሞተር ሳይክል ተፈናጥጦ ወደ ቀበሌ ወርዶ ይመለሳል፣ በመጨረሻም ማኅተም ያረፈበትን የምዘና ቅጽ ይዞ ወደ ግቢው ይገባል። እርፍ ሳይጨብጥና ላም ሳያልብ የተመረቀ ወጣት ነገ የልማት ሠራተኛ ሆኖ ሲመደብ አርሶ አደሩ ገና ከአረማመዱ ይለየዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰጠውን ምክር ማን ይሰማዋል?

ይህ መመሪያ የተጻፈው በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ ማለትም ከሱሉልታ እስከ ሰንዳፋ፣ ከሆለታ እስከ አቃቂና ቢሾፍቱ ባለው አካባቢ ልምምድ ለሚወጡ ተማሪዎችና ለሚልኳቸው መምህራን ነው። ከሁሉ በፊት የሚያሳስበው አንድ ነገር አለ። ልምምዱ በአንድ ቤተሰብ ዘንድ፣ በሁለት ወቅት ተከፍሎ ይካሄድ፤ በዘር ጊዜ ረዘም ያለ፣ በአጨዳና በውቂያ ጊዜ ደግሞ አጠር ያለ ቆይታ ይኑር። ዘሩን ሲዘራ ያየ ነገር ግን ነዶውን ያላየ ተማሪ የሠራው ሥራ ምን እንዳስገኘ ሳያውቅ ይቀራል፤ በየሳምንቱ ቤት የሚቀያይር ተማሪም እንግዳ እንደሆነ ይመለሳል።

ደረጃ 1፦ ዕቅዱን ከትምህርት ካላንደር ሳይሆን ከማሳው ማስነሣት

አካባቢው በአብዛኛው ደጋና ወይና ደጋ ስለሆነ የሥራው ቅደም ተከተል እንደሚከተለው ነው። እርሻው የበልግ ጠብታ እንደታየ ይጀመርና እስከ ሰኔ እየተደጋገመ ይታረሳል፤ ገብስና ስንዴ በሰኔና በሐምሌ መጀመሪያ ይዘራሉ፤ ጤፍ በአብዛኛው በሐምሌ ይዘራል፤ ሽምብራ ደግሞ ዝናቡ ሊወጣ ሲል፣ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ፣ ጥቁር አፈሩ በያዘው እርጥበት ላይ ይጣላል። መስከረምና ጥቅምት የድርቆሽ አጨዳ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር የእህል አጨዳ፣ ክምርና ውቂያ ይሆናል።

ከዚህ አንጻር ለመጀመሪያው ቆይታ የሚመረጠው ከሰኔ መጨረሻ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ያለው ጊዜ ነው፤ ተማሪዎችም በአብዛኛው እረፍት ላይ ስለሆኑ አይቸገሩም። ሁለተኛው ቆይታ በኅዳር መጨረሻ ወይም በታኅሣሥ ሁለት ሳምንት ያህል ቢሆን ይበቃል። ይህ ጊዜ ከመደበኛው ትምህርት ጋር ስለሚጋጭ የትምህርት ክፍሉ ቀድሞ ሊያመቻችለት ይገባል። የትምህርት ክፍሎች «አይመችም» የሚሉት እዚህ ላይ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱን ሳምንት ከሌላ ኮርስ የመስክ ጉብኝት ጋር ማጣመር ይቻላል።

ቀኖቹን ስትቆጥሩ በዓላትን አትርሱ። በኦርቶዶክስ ተከታዮች ቤት ከሰንበት ሌላ በየወሩ የሚከበሩ ቀናት አሉ፤ እንደ ደብሩ ይለያያል እንጂ 7 ሥላሴ፣ 12 ሚካኤል፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔ ዓለም በብዙ ቦታ እርሻ የማይነካባቸው ናቸው። የጤፍ ዘር በሚጣደፍበት በሐምሌ እንኳ ጴጥሮስ ወጳውሎስ በ5፣ ሥላሴ በ7፣ ገብርኤል በ19 ይውላሉ። በእነዚህ ቀናት በሬ አይጠመድም፣ ማጭድ አይነሣም፤ ላም ግን ትታለባለች፣ ከብትም ይጠበቃል። ስለዚህ የወተት፣ የመኖና የጤና ነክ ልምምዶችን ወደ በዓላቱ ቀናት ማዛወር ጊዜውን ያድናል። አስተናጋጁ ቤተሰብ ፕሮቴስታንት ወይም ሙስሊም ከሆነ የበዓሉ አቆጣጠር ስለሚለወጥ አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ደረጃ 2፦ ለምትፈልጉት ሙያ የሚስማማውን አካባቢ መምረጥ

«አዲስ አበባ ዙሪያ» ተብሎ በአንድ ስም ይጠራ እንጂ እያንዳንዱ አቅጣጫ የየራሱ ግብርና አለው። በሰሜን ሱሉልታ ሜዳው ለግጦሽና ለድርቆሽ የታወቀ፣ ብርዱ የሚበረታና ገብስ የሚበቅልበት ነው፤ ወተትም ከዚያ ወደ ከተማ በየዕለቱ ይገባል። በምዕራብ ሆለታ የወተት ላም እርባታና የድንች ዘር ልምድ የዳበረበት፣ የግብርና ምርምር ማዕከሉም የሚገኝበት በመሆኑ ለእንስሳት እርባታ ተማሪ ይመረጣል። በምሥራቅ በሰንዳፋ በኩል ስንዴና ጥራጥሬ ይበዛል። በደቡብ ምሥራቅ አቃቂ፣ ዱከምና ቢሾፍቱ የነጭ ጤፍ፣ የሽምብራና የምስር አገር ናቸው፤ የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የሚገኘው እዚያው ነው። በ1998 ዓ.ም. የተለቀቀው ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያ ምርታማውን ዱከም የተባለ ዝርያ ከነጩ ማኛ ጋር በማዳቀል ከዚህ ማዕከል የወጣ ስለሆነ፣ ዝርያው የት እንደተወለደ አይቶ ወደ ማሳው መሄድ ትምህርቱን ያሟላዋል።

በአቃቂ ወንዝ ዳርቻ ያለው የአትክልት እርሻ ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነው፤ በትንሽ መሬት ላይ በመስኖ ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ሲፈራረቁ ይታያል። ሆኖም ወንዙ የከተማውንና የፋብሪካዎችን ፍሳሽ የሚሸከም ስለሆነ ያለ ቦቲ ጫማና ያለ ጓንት ውኃው ውስጥ መግባት፣ ከማሳው የተነቀለውንም ሳያጥቡና ሳያበስሉ መብላት አይገባም።

ደረጃ 3፦ ደብዳቤና ፈቃድ

የመጀመሪያው ጥያቄ ቦታው በማን ሥር ነው የሚለው ነው። በአቃቂ ቃሊቲ፣ በየካ ወይም በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ማሳ የአዲስ አበባ አስተዳደር ነው፤ ከወሰኑ ወጣ ሲባል የኦሮሚያ ክልል ሲሆን፣ ቀድሞ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ገላን ተብለው ለየብቻ ይተዳደሩ የነበሩት ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ለአዲስ አበባ የተጻፈ ደብዳቤ ይዞ ሸገር መሄድ ቢያንስ አንድ ሳምንት ያስጠፋል። ወደ ኦሮሚያ የሚላከው የትብብር ደብዳቤ በአፋን ኦሮሞ ቢጻፍ ወይም ትርጉሙ አብሮ ቢያያዝ ጉዳዩ ፈጥኖ ይመራል።

ደብዳቤው የተማሪዎቹን ስም፣ የቆይታውን ሁለት ወቅቶች፣ የሚሠሩትን ሥራና፣ ይህ ፈጽሞ መቅረት የሌለበት ነው፣ መሬትን የሚመለከት ምንም ዓይነት ምዝገባ እንደማያካሂዱ በግልጽ ይግለጽ። ከወረዳ ወደ ቀበሌ ሲመራ የቀበሌው ሊቀ መንበርና የልማት ሠራተኞቹ ኮፒ ይኑራቸው። በአንድ ቀበሌ በተለምዶ የሰብል፣ የእንስሳትና የተፈጥሮ ሀብት የልማት ሠራተኞች ይመደባሉ፤ የእናንተን ሙያ የያዘውን ለይታችሁ ስልኩን መያዝ ነው።

ደረጃ 4፦ ቤተሰቡን መምረጥና መስማማት

ቀበሌው ብዙ ጊዜ ወደ ሞዴል አርሶ አደር ቤት ይመራችኋል። ሞዴል አርሶ አደር እንግዳ የለመደ፣ አነጋገሩም የተቃና ስለሆነ ለጉብኝት ይመቻል፤ ለትምህርት ግን ሁልጊዜ አይመቸም፣ ጥያቄ ሁሉ የተዘጋጀ መልስ አለውና። ተማሪዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ከተመደቡ አንዱን ጥንድ በሞዴል ቤት፣ ሌላውን አንድ ጥማድ በሬና አንዲት ላም ብቻ ባለው ቤት ማስቀመጥ ሁለቱ ጥንዶች ማታ ሲገናኙ የሚያወዳድሩት ነገር ይሰጣቸዋል።

በከተማ አድሮ ጠዋት በሚኒባስ ሄዶ ማታ መመለስን አልመክርም። የመጀመሪያው እልበት ሌሊት 11 ሰዓት ገደማ ነው፤ ወተት ሰብሳቢው የሚመጣው ሚኒባሱ ከተርሚናል ከመነሣቱ በፊት ሊሆን ይችላል። ማደሪያ በአስተናጋጁ ቤት ካልተገኘ በአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከሉ ወይም በልማት ሠራተኛው መኖሪያ በኩል ይጠየቅ። ሴት ተማሪዎች ሁለት ሆነው፣ የቤቱ እመቤት ባለችበት ቤት ይመደቡ፤ መምህሩም ቤቱን ሄዶ ሳያይ አይላኩ።

ስምምነቱ በአንድ ገጽ ላይ ይስፈር፣ ለባልም ለሚስትም ይነበብላቸው። በሳምንት ስንት ቀን እንደምትሠሩ፣ የምግብ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን፣ በዕቃ ላይ ጉዳት ቢደርስ ምን እንደሚደረግ ይግባበት። የምግቡን ነገር በተመለከተ፣ አስተናጋጆች ገንዘብ ሲጠየቁ «ምን ቸገረን» ይላሉ፤ ይህ ጨዋነት እንጂ ዋጋ አይደለም። ተቋሙ በጀት ከሌለው ተማሪዎቹ ጤፍ፣ ዘይት፣ ስኳርና ቡና ገዝተው ይዘው መግባት ይችላሉ። ክረምት ደግሞ ጎተራው የሚያልቅበት ጊዜ መሆኑን አስቡ፤ በሐምሌ ሁለት ተጨማሪ አፍ መመገብ ከታኅሣሥ ጋር አንድ አይደለም።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የእመቤቲቱ ድርሻ ነው። እልበቱ፣ ጥጃው፣ ዶሮው፣ ቅቤና አይቡ፣ የኩበቱ ሥራና ሽያጭ፣ የዘሩ አመራረጥና ማስቀመጡ በብዙ ቤት በእሷ እጅ ነው። ወንድ ተማሪ ከአባወራው ጋር ብቻ ከዋለ የቤቱን ግብርና ግማሽ ሳያይ ይመለሳል። ስለዚህ በስምምነቱ ላይ «በሳምንት ሁለት ቀን ከእማወራዋ ጋር» የሚል ይጻፍ።

ደረጃ 5፦ የሚያዝ ዕቃ

ቦቲ ጫማ፣ የዝናብ ካፖርት፣ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ፣ ባትሪ፣ ጓንት፣ የጥፍር መቁረጫ፣ 50 ሜትር መለኪያ ገመድ፣ የእጅ ሚዛንና ሁለት ደብተር ይበቃሉ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ከመውጣታችሁ በፊት ውሰዱ። ያልተፈላ ወተት ላለመጠጣት ወስኑ፤ የከብት ሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ በዚያ መንገድ ወደ ሰው ይተላለፋሉ። ሲቀርብላችሁ «አፍሉልኝ» ማለት አያስነውርም።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያው ሳምንት፦ ሥራ እንጂ መጠይቅ አይወጣም

በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለ አርሶ አደር ደብተርና መለኪያ ይዞ የመጣ ሰው ምን ሊያስከትል እንደሚችል ከኑሮው ያውቃል። ከተማው እየሰፋ ሲመጣ የብዙ ጎረቤቶቹ ማሳ ተለክቶ፣ ካሳ ተቆጥሮ፣ ችካል ተተክሎ ቤትና ፋብሪካ ሆኗል። ስልኩን አውጥቶ በማሳው ዙሪያ እየዞረ ጂፒኤስ የሚያነብ ወጣት ለእሱ ተማሪ አይመስለውም፤ የልኬታ ሠራተኛ ነው። ወሬው በአንድ ምሽት መንደሩን ያዳርሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰጣችሁ ቁጥር ሁሉ የተቀነሰ ወይም የተጨመረ ይሆናል። በዚህ ሊወቀስ አይገባም።

ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት አትለኩ፣ አትቅረጹ፣ ፎቶ አታንሡ፣ በሰው ፊትም አትጻፉ። ሥሩ። ጋጣ ጥረጉ፣ ውኃ ቅዱ፣ ድርቆሽ ተሸከሙ፣ ከብት ጠብቁ። ማስታወሻውን ማታ በባትሪ ብርሃን መጻፍ ይቻላል። መለካት ግድ በሚሆንበት ጊዜ አስቀድማችሁ ለምን እንደሆነ ንገሩ፣ የገመዱን አንድ ጫፍ አባወራው ራሱ ይያዘው፣ ውጤቱም በወረቀት ተጽፎ ለእሱ ይሰጠው። የማሳውን ካርታ ወደ ተቋሙ ይዞ መሄድ አያስፈልግም፤ ስፋቱ ብቻ ይበቃል።

ቋንቋውም የዚሁ ሳምንት ሥራ ነው። በዚህ አካባቢ ብዙ ሰው አማርኛ ይናገራል፤ ቢሆንም የቤቱ ወግ በኦሮምኛ ነው። ጠዋት «አካም ቡልተን»፣ ለምስጋና «ገለቶማ» ማለት፣ አባወራውን «ኦቦ»፣ እመቤቲቱን «አዴ» ብሎ መጥራት በር ይከፍታል። አማርኛ ተናጋሪ ቤት ከሆነ «ጋሼ» እና «እትዬ» ይበቃሉ፤ «አንተ» ማለት ግን ከታናናሾቹ በቀር ለማንም አይሆንም። ሰው ሥራ ላይ ሲያገኙ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ስለሆነ «ያበርታችሁ» ይባላል፤ አውድማ ላይ ሲደርሱ ደግሞ «ይበርክት»። በ1967 ዓ.ም. ለእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ የወጡትን ተማሪዎች የሚያስታውሱ አዛውንት ቢያጋጥሟችሁ ተቀምጣችሁ ስሟቸው፤ ያኔ ተማሪው ለማስተማር ስለወጣ የናንተን አመጣጥ ከዚያ ጋር ያስተያዩታል፣ አስተያየታቸውም ሁልጊዜ ምስጋና ብቻ አይደለም።

ደረጃ 7፦ ሙያውን በእጅ መልመድ

እርሻ። በሬ የማያስቸግርበት፣ መሬቱም ቀደም ሲል ሁለት ጊዜ የታረሰበት ማሳ ላይ ጀምሩ፤ የመጀመሪያው እርሻ ለጀማሪ አይደለም። በአንድ እጅ እርፉ፣ በሌላው ጅራፉ ይያዛል። ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው እርፉን በክብደቱ መጫን ነው። ያኔ የማረሻው ጫፍ ከሚገባው በታች ይሰምጣል፣ ሞፈሩ ይንቃቃል፣ በሬዎቹም ቀጥ ይላሉ፤ ደንግጦ ሲያቀለው ደግሞ ማረሻው አፈሩን እየጫረ ይወጣል። ትክክለኛው ኃይል በመዳፍ እንጂ በትከሻ አይመጣም፤ አባወራው እጁን በእጃችሁ ላይ ጭኖ አንድ ፈር አብሮ እንዲሄድ ጠይቁት፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ይለቅላችኋል። በክፍል ውስጥ የተማራችሁትም እዚህ ይገለጣል፤ ማረሻ ከግራና ከቀኙ ባሉት ሁለት እንጨቶች፣ በድግሮቹ፣ መካከል መሬቱን ሰንጥቆ ስለሚሄድ በፈርና በፈር መካከል ያልታረሰ ቁራጭ ይቀራል፤ አርሶ አደሩ ቀጣዩን እርሻ ቀድሞ ከታረሰው አቅጣጫ አቋርጦ የሚሄደው ለዚህ ነው። ጤፍ ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ማሳው ከሌላው ሰብል ይልቅ ደጋግሞ ይታረሳል፤ ከመዘራቱ በፊትም በከብት የሚያስረግጡት አሉ።

ጥቁር አፈር ባለበት ማሳ ላይ የውኃ መተኛት ትልቁ ጠላት ነው። አርሶ አደሩ ማፋሰሻ ፈር የት የት እንደሚያወጣ፣ ውኃው ወደማን ማሳ እንደሚወርድ፣ ከጎረቤት ጋርም እንዴት እንደሚስማማ ከኃይለኛ ዝናብ በኋላ አብራችሁ ወጥታችሁ ተመልከቱ። ይህን ክፍል ውስጥ ተቀምጦ መማር አይቻልም።

ዘር። በመስመር መዝራት ምርት እንደሚጨምር ተምራችሁ ትመጣላችሁ፤ አርሶ አደሩ ግን በብተና ሲዘራ ታገኙታላችሁ። ወዲያው ወደ ምክር አትግቡ። ጤፍን በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት በእጅ በመስመር መዝራት ምን ያህል ጉልበት እንደሚበላ በራሳችሁ ወገብ ካልለካችሁ በስተቀር ምክራችሁ ባዶ ነው። ፈቃዱን ከሰጣችሁ ከማሳው ጥግ ሁለት 10 በ10 ሜትር ቁራሽ ውሰዱ። በመስመር ለሚዘራው በሔክታር 5 ኪሎ ስሌት 50 ግራም ዘር፣ ለብተናው በሔክታር 25 ኪሎ ስሌት 250 ግራም ይመዘናል፤ 50 ግራሙ ለእጅ ስለሚያንስ ከደረቅ አሸዋ ጋር ይቀላቀል። ለሁለቱም የጠፋውን የሰው ሰዓት መዝግቡ። በታኅሣሥ ስትመለሱ የምርቱን ልዩነት ከጉልበቱ ልዩነት ጋር አብራችሁ ታዩታላችሁ፤ አርሶ አደሩም የፈለገውን ይወስናል።

እልበት። ጥፍር ተቆርጦ፣ እጅ በሳሙና ታጥቦ፣ ጡቱ ለብ ባለ ውኃ ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ይደርቃል፤ ለእያንዳንዷ ላም የየራሷ ጨርቅ ይኑራት። የአገር ዝርያ ያላት ላም ጥጃዋ ሳይጠባ ወተት ስለማትለቅ ጥጃው ቀድሞ ይለቀቅላታል። ከእያንዳንዱ ጡት የመጀመሪያዎቹ ጭብጦች ጥቁር ጽዋ ወይም ሳህን ላይ ይታለባሉ፤ ቅንጣት፣ ውኃነት ወይም ደም ከታየ የጡት በሽታ ምልክት ነውና ያ ወተት ለብቻው ይወገዳል፣ ላሟም መጨረሻ ትታለባለች። ጡትን በሁለት ጣት ጎትቶ ማለብ ይጎዳታል፤ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ከላይ ዘግቶ የቀሩትን ጣቶች ተራ በተራ ወደ ታች ማጠፍ ነው። በመጀመሪያው ቀን የክንድ ጡንቻችሁ ይዝላል፤ ላሟም ትዕግሥቷ ያልቃል፣ ስለዚህ አንድ ጡት አልባችሁ ለእመቤቲቱ መልሱላት። ወተት የሚፈስላት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ጀማሪ ሲንቀራፈፍ ወተቱ ይቀርባታል።

ወተቱ ወደ መሰብሰቢያ ሲሄድ ተከተሉት። እዚያ ላክቶሜትር የተባለው የወተት ጥግግት መለኪያ እንዴት እንደሚነበብ ታያላችሁ፤ ውኃ ያልተጨመረበት ወተት በአብዛኛው ከ28 እስከ 32 ያነባል። የአልኮል ምርመራውም ቀላል ነው፤ እኩል መጠን ወተትና አልኮል ሲቀላቀል ቢረጋ ወተቱ መኮምጠጥ ጀምሯል ማለት ነው። በፍልሰታ፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ የወተት ፈላጊ ስለሚቀንስ በብዙ ቤት ወተቱ ወደ ቅቤና አይብ ይዞራል። ዕቃው በወይራ ሲታጠን፣ እርጎው ሲናጥ፣ ከአሬራው አይብ ሲወጣ ለማየት ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

መኖና እርባታ። ጭድ፣ ድርቆሽ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ (ዘይቱ የተጨመቀ የቅባት እህል ተረፈ ምርት) በቀን ስንት ስንት እንደሚሰጥ በሚዛን ለኩ። የኑግ ፋጉሎ እርጥበት ባለበት ከተከማቸ የሻገተው አፍላቶክሲን ይፈጥራል፣ መርዙም በወተት በኩል ወደ ሰው ይደርሳልና ማከማቻውን መፈተሽ የናንተ ሥራ ይሁን። ኮርማ የምትፈልግ ላም ምልክት፣ ሌላ ላም ስትጭናት ጸጥ ብላ መቆም ነው፤ ጠዋት የታየባት ማታ፣ ማታ የታየባት በማግስቱ ጠዋት ትዳቀላለች። አዳቃይ ባለሙያውን በሰዓቱ መጥራት ላይ ብዙ ቤት ይሸነፋል፤ ላሟ ካለፋት እስከ 21 ቀን ያህል መጠበቅ ነው።

ፀረ አረም። ጤፍ ላይ ቱ ፎር ዲ ሲረጭ ያለ ጭንብልና ያለ ጓንት እንዳትረጩ፤ አርሶ አደሩ ራሱ ሳይለብስ ቢረጭም። ከመረጨቱ በፊት የመርጫውን ልክ በንጹሕ ውኃ ማውጣት የምትለግሱት ጥሩ አገልግሎት ነው። 100 ካሬ ሜትር ላይ እንደተለመደው እርምጃ ይረጭና ያለቀው ውኃ ይለካል፤ 2 ሊትር ካለቀ በሔክታር 200 ሊትር ነው። 16 ሊትር የሚይዝ መርጫ ታዲያ 800 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ የመድኃኒቱ መጠን በሔክታር 1 ሊትር ተብሎ ከተጻፈ በአንድ መርጫ የሚገባው 80 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በየቤቱ መድኃኒት የሚለካው በቆርኪ ወይም በስኒ ስለሆነ ቆርኪው ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚይዝ ለክታችሁ ንገሯቸው።

ደረጃ 8፦ ደብተሩ

አንዱ ደብተር ለሥራ መዝገብ፣ ሌላው ለጥያቄ ይሁን። መዝገቡ አጭር፣ ቁጥር ያለበትና ምክንያቱን የሚጠይቅ ሲሆን ይጠቅማል፤ ለምሳሌ፦ «ሐምሌ 14። ጤፍ፣ ቁንጮ፣ በብተና። መሬት 1 ጥማድ። ዘር 8 ኪሎ። ሰው 3፣ ከጠዋቱ 2 እስከ 6 ሰዓት። ዘሩ ለምን በዛ? አረም እንዲያፍን ነው አሉ።» አንድ ጥማድ ሩብ ሔክታር ተብሎ ሲሰላ 8 ኪሎው በሔክታር 32 ኪሎ ይሆናል፤ ነገር ግን የዚያ ቤት ጥማድ በእርግጥ ሩብ ሔክታር መሆኑ ሳይለካ ስሌቱን ሪፖርት ላይ አታስገቡት፤ ጥማድ እንደ አካባቢውና እንደ በሬው ይሰፋል፣ ይጠባል።

የመምህሩ ክትትል ከረፋዱ 5 ሰዓት በመኪና ደርሶ ፎቶ ተነሥቶ መመለስ ከሆነ ቢቀር ይሻላል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ደርሶ ተማሪው ሲያልብ ወይም ሲጠምድ ያየ መምህር የምዘናውን ቅጽ በአምስት ደቂቃ ይሞላዋል። ለባልና ለሚስት ለየብቻ የሚቀርቡ ሦስት የቃል ጥያቄዎችም የምዘናው አካል ይሁኑ፤ ምን ሥራ ለብቻው ሊሠራ ይችላል፣ ምን ገና ነው፣ እንደገና ቢመጣ ትቀበሉታላችሁ ወይ?

ደረጃ 9፦ የታኅሣሡ ቆይታና ርክክቡ

ስትመለሱ ባዶ እጃችሁን አትምጡ፤ ቡናና ስኳር ይበቃል። አጨዳውና ውቂያው ብዙ ጊዜ በደቦ ስለሚሠራ ከአንድ ቤት ይልቅ መንደሩን በሙሉ የምታውቁት አሁን ነው። ውቂያው ከመጀመሩ በፊት ግን ከዘራችኋቸው ቁራሾች ላይ የምርት ግምቱን ውሰዱ። ለእያንዳንዱ ቁራሽ አንድ በአንድ ሜትር የሆነ የእንጨት ክፈፍ ሦስት ቦታ ላይ ሳይመርጡ ይጣላል፣ በውስጡ ያለው ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ተበራይቶ ይመዘናል። አማካዩ 180 ግራም ከሆነ በ10 ሲባዛ በሔክታር 1,800 ኪሎ፣ ማለትም 18 ኩንታል ነው፤ በጥማድ ደግሞ አራት ተኩል ኩንታል። ከአውድማው በእርግጥ የገባው ከዚህ ያነሰ እንደሚሆን ጠብቁ፤ በአጨዳ፣ በማጓጓዝና በውቂያ የሚረግፈው ልዩነቱ ነው፣ ያንን ልዩነት ለብቻው መዝግቡት።

ነፋስ ሲነሣ በመንሽና በላይዳ ማዝራት ላይ ቁሙ። ፍሬውን ወደ ላይ ሲወረውሩ ነፋሱን በጎን መቀበል ያስፈልጋል፤ ፊት ለፊት የቆመ ተማሪ ገለባ ይለብሳል፣ ሳቅም ያተርፋል።

በመጨረሻው ሳምንት ውጤቱን ለቤተሰቡ በቃል አቅርቡ፣ በአንድ ገጽም ጽፋችሁ ስጧቸው፤ የመርጫው ልክ፣ የላሟ የመዳቀልና የመውለጃ ቀን፣ የሁለቱ ቁራሾች ምርትና የጠፋው ሰዓት ይግባበት። ጽሑፉ ቤቱ በሚያነበው ቋንቋ ይሁን፤ ብዙ ጊዜ የሚያነበው ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ ስለሆነ አብሮ ይቀመጥ። ለልማት ሠራተኛው አንድ ኮፒ የሚሰጠው ቤተሰቡ ሲፈቅድ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ሐምሌ ወደዚያው ቤት የሚመደቡት ተማሪዎች ታውቀው ከሆነ ለአንድ ቀን ጥሯቸውና ከቤተሰቡ ጋር አስተዋውቋቸው፤ ደብተሩንም ለእነሱ አስረክቡ።